ለማሚቴ የተተከለ ድንኳን

ሰኞ፣ ጥቅምት 3

ውኃ መጣ። አራት ቀን ጠፍቶ ከርሞ ዛሬ ጠዋት መጣ። ሁለት ጀሪካን ሞላሁና ሳፋውን ከቧንቧው ሥር አደረግኩ። ድመቷ ሳፋው ውስጥ ተኝታ እንደነበር ያወቅኩት ውኃው ከወረደባት በኋላ ነው። ልጄ ያኤል በፎጣ ጠቅልላ ስታደርቃትና በእኔ ስም ይቅርታ ስትጠይቃት ትምህርት ቤት አረፈደች።

«ማሚቴ ይቅር ብላሃለች» አለችኝ በር ላይ።

አላመንኩም። ድመቷ የምታየኝ እንደ ኦዲተር ነው።

የመነጽሬ ክንድ ከተሰበረ ወር አለፈው። በፕላስተር አስሬዋለሁ፣ ሳጎነብስ ግን ይወድቃል። መዝገብ ቤት እየሠሩ ያለ መነጽር... ዛሬ የአንድ ጡረተኛ ፋይል ከሟቾች መደርደሪያ ላይ ተገኘ። ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። ሰውየው ራሱ በእግሩ መጥቶ አብሮኝ ፈልጎ አወጣው። «ከሞትኩ ስንት ጊዜ ሆነኝ?» አለኝ። ደግ ሰው ነው፣ ለአለቃዬ አልተናገረም።

መነጽሩን ማሠራት አለብኝ። ይህን ከመስከረም ጀምሮ እየጻፍኩ ነው።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 5

የያኤል አስተማሪ ደወለች። ልጅቷ ጎበዝ ናት፣ ግን ጓደኛ የላትም። ከማን ጋር ነው የምትጫወቺው ስትባል «ቤት ካለችው ከማሚቴ ጋር» ትላለች።

«አያቷ ናቸው?» አለችኝ አስተማሪዋ።

«እ... ቤተሰብ ናት» አልኩ።

ለምን? ድመት ናት ማለት ምን ይከብዳል? የካቲት ላይ ወደዚህ ኮንዶሚኒየም ስንገባ አራተኛ ፎቅ ደረጃ ላይ ቁጭ ብላ ጠበቀችን። ያኤል ጎንበስ ብላ ስሟን ጠየቀቻት። «ማሚቴ ነኝ አለች» አለችኝ። እኔ ቁምሳጥን ተሸክሜ ነበር። እሺ ብዬ አለፍኩ።

ዘጠኝ ዓመት የሞላት ልጅ ከድመት ጋር ብታወራ ምን አለበት። ድመቷ መልስ መስጠቷ ነው እንጂ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 7

እራት ላይ። ሽሮ ነበር። ያኤል ከሳህኑ ቀና ሳትል፣

«አባዬ፣ እማዬ የት እንዳለች ማሚቴ ነገረችኝ።»

የጠቀለልኩትን ጉርሻ ሳህኑ ላይ መለስኩት። «የት ናት አለችሽ?»

«ለአንተ እንዳልነግርህ ብላኛለች።»

ድመቷ ማቀዝቀዣው ላይ ተቀምጣ እግሯን ትልሳለች። ቀና ብላ አየችኝና ወደ እግሯ ተመለሰች።

እዚህ ማንም አያነበውም፣ ስለዚህ ልጻፈው። ማርታ ጥር 19 ሞተች። ያኔ ነፋስ ስልክ ነበር የምንኖረው፣ ኪራይ ቤት። ድንኳን ሳይተከል በፊት እህቴ ሊሊ ያኤልን ይዛት ለቡ ወደ ቤቷ ሄደች። ልጅቷ ለቅሶውን አላየችም። እናትሽ ለሕክምና ውጭ አገር ሄደች አልኳት። ሁሉም «ልጅ ናት፣ ቀስ ብለህ ትነግራታለህ» አለኝ። ከዚያ ማንም ወደማያውቀን ሰፈር፣ ወደ ላፍቶ ገባን። ቀስ እያልኩ ነው። ዘጠኝ ወር ሆነኝ። ይሄ ቀስ ማለት መቼ ነው የሚያልቀው? የማርታን ፎቶ ቁምሳጥን ላይ በብርድ ልብስ ጠቅልዬ አስቀምጫለሁ።

ድመቷ ግን ቁምሳጥን ላይ ትወጣለች።

በአርባ ሁለት ዓመቴ ድመት ምስጢሬን ልታወጣብኝ ነው ብዬ ፈራሁ። በጣም ነው የፈራሁት።

እሑድ፣ ጥቅምት 9

አደረግኩት።

ሊሊ ያኤልን ሹሩባ ልታሠራት ወሰደቻት። ድመቷን በፓስታ ካርቶን ከትቼ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ለቡ፣ ከሊሊ ቤት አለፍ ብሎ የሚሠራ ፎቅ አለ። ከዘበኛው ከሮበሌ ጋር ሰላምታ አለን። የሲሚንቶ ከረጢት በአይጥ አለቀ እያለ ባለፈው ሲያማርር ነበር።

«አይጥ ትይዛለች?»

«ትይዛለች።»

ስትይዝ አይቼ አላውቅም። ግን ቤታችን አይጥ የለም፣ ስለዚህ አለመያዟንም አላየሁም።

«ስሟ ማን ነው?»

«ማሚቴ።»

«የሰው ስም እኮ ነው።»

«አውቃለሁ።»

ወደ ኋላ ሳላይ ሄድኩ። ኧረ አይቻለሁ። ሲሚንቶው ላይ ተቀምጣ ታየኛለች። አልጮኸችም፣ አልተከተለችኝም። ለልጅቷ ከነገርኳት በኋላ እመልስሻለሁ ብዬ በልቤ... ማንን ነው የማታልለው?

ሰኞ፣ ጥቅምት 10

ያኤል ትላንት ከሊሊ ቤት ስትመለስ አልጋ ሥር፣ ሳፋ ውስጥ፣ ደረጃው ላይ ፈለገቻት። ዛሬ ጠዋት ጫማዋን እያሰርኩላት ነገርኳት። ማሚቴ መኪና ገጭቷት ሞተች።

አላለቀሰችም።

«ማን ነገረህ?»

«ጥበቃው።»

«ቁጭ አድርጎ ነው የነገረህ ወይስ ቆመህ?»

ምን ዓይነት ጥያቄ ነው? «ቆሜ» አልኩ።

«ብቻህን?»

«ብቻዬን።»

ራሷን ነቀነቀች። ያዘነችልኝ መሰለኝ። ቦርሳዋን አንግታ ወጣች፤ ከዚያ በኋላ አንድ ቃል አልተናገረችኝም። ራት በላን። ቴሌቪዥኑ ብቻውን አወራ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11

አሁንም አትናገረኝም። ጠዋት ግን ሻይ ብርጭቆዬ ሥር ወረቀት አገኘሁ። ልጄ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ልጅ መሆኗን የሚጠራጠር ካለ ይኸው፣ እንዳለ ልገልብጠው፦

«ቁጥር፦ ያ/001
ለአቶ ሙሉሰው
ሳሎን
ጉዳዩ፦ ማሚቴን ይመለከታል።
ከላይ በርዕሱ እንደተገለጸው ማሚቴ ሞታለች ብለውኛል። አንድ ቤት ሰው ሲሞት ሰው ይመጣል። እኛ ቤት እስካሁን ማንም አልመጣም። ስለሆነም ሰው እንዲመጣልን በትሕትና እጠይቃለሁ።
ከሰላምታ ጋር
ያኤል ሙሉሰው
ግልባጭ፦ ለእድሩ ሊቀ መንበር»

ሳቅኩ። አራት ቀን ሙሉ ስቄ አላውቅም ነበር። ከሥሩ «ጉዳዩ እየታየ ነው» ብዬ ጽፌ፣ ፈርሜ መለስኩላት። ቢሮ ለሁሉም የምንለው ይህንኑ ነው።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 12

ግልባጩ ደርሷል።

ጠዋት ቢሮ እያለሁ የእድሩ ቴሌግራም ጮኸ። መነጽሬ ጠረጴዛ ሥር ወድቆ ነበር። የሻማ ምልክት ብቻ ታየኝ። እንደ ልማዴ «ነፍስ ይማር» ብዬ ጻፍኩና ስልኩን ኪሴ ከተትኩ። እንደዚያ አይደል የሚደረገው? ምሳ ሰዓት ላይ መነጽሬን አስሬ ሳነበው፦

«የእድራችን አባል የአቶ ሙሉሰው ቤተሰብ የሆኑትና ልጃቸውን በማሳደግ ላይ የነበሩት ወ/ሮ ማሚቴ ስላረፉ፣ የሳምንቱ ተረኛ ድንኳን ተካዮች በሰባት ሰዓት ብሎክ 9 በር ላይ እንድትገኙ። የቀረ ይቀጣል።»

ከሥሩ አንድ መቶ ነፍስ ይማር። የመጀመሪያው የእኔ ነው።

የሳምንቱ ተረኛም ነኝ።

ስደርስ ድንኳኑ ቆሟል። አግዳሚው ተደርድሯል፣ ጀበናና ትልልቅ ድስት ከዕቃ ቤት ወጥቷል። ገና ከታክሲ ስወርድ በር ለበር የምንኖረው እትዬ አማከለች አንገቴ ላይ ወደቁ።

«ሙሌ፣ እንዴት አትነግረኝም? ልጅቷ በየቀኑ ማሚቴ ተነሺ፣ ማሚቴ ብዪ ስትላቸው እሰማ ነበር። አልጋ ላይ ናቸው ብዬ፣ እንዳላስቸግራቸው ብዬ ነው ያልገባሁት።»

«እትዬ አማከለች፣ ድመት ናት እኮ።»

«እውነትህን ነው» አሉ እንባቸውን እየጠረጉ። «ኮቴያቸው እንኳ አይሰማም ነበር።»

ሊቀ መንበራችን መቶ አለቃ ቦጋለ ዘንድ ሄድኩ። ጡረታ የወጡ ወታደር ናቸው፣ የእድሩን መተዳደሪያ ደንብ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የጻፉት እሳቸው ናቸው። ጆሯቸው ሥር ጠጋ አልኩ።

«መቶ አለቃ፣ የሞተችው ድመት ናት።»

ትከሻዬን ያዙኝ። «ሐዘን ያናግራል፣ ልጄ። እኔም ባለቤቴ ያረፈች ቀን ብዙ ተናግሬያለሁ። ልጅቷን መላክህ ግን ደግ አደረግክ፣ ሐዘንተኛ ራሱ አያመለክትም።» ከዚያ ውኃ አቀብሉት አሉ።

ተቀመጥኩ። ውኃውን ጠጣሁ። ምን ላድርግ?

«ቀብሩስ?» አለ አንዱ። ድንኳኑ ሁሉ ዞሮ አየኝ። ያኤልም ከሴቶቹ መካከል አየችኝ፣ ነጠላ አልብሰዋታል። አልሞተችም፣ ለቡ ሲሚንቶ ላይ ተቀምጣለች ልበል? ፊቷ ላይ?

«አገር ቤት ተልካለች።»

«የት?»

«ደብረ ሲና።»

ከየት እንደመጣልኝ እንጃ። በደብረ ሲና አንድ ጊዜ በአውቶቡስ አልፌያለሁ። ቆሎ ገዝቻለሁ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 13

ቢሮ የሐዘን ፈቃድ ሰጡኝ። ቅጹ ላይ «ከሟች ጋር ያለዎት ዝምድና» ይላል። ባዶውን ተውኩት።

ሦስት ሰዓት ላይ ጋሽ እስጢፋኖስ የሚባሉ የብሎክ 12 ሰው አጠገቤ ተቀመጡ። የደብረ ሲና ሰው ናቸው። እንዴት አይሆኑም!

«የደብረ ሲና የት?»

«ከከተማው ወረድ ብሎ።»

«ወንዙን ተሻግሮ?»

«ተሻግሮ።»

«ዓይናቸው ቢጫ ቢጤ ነበር?»

ይህን መካድ አልቻልኩም። «ነበር።»

«ቀጠን ያሉ፣ ዝምተኛ፣ ሰው የማይለምዱ?»

«ልክ ነው።»

«በቃ የአባቴ አጎት ልጅ ናቸው» አሉና አለቀሱ። ከዚያ ተነሥተው ከእኔ ጎን ቆሙ። ለቅሶ ደራሹን ሁሉ እያቀፉ የተቀበሉት እሳቸው ናቸው። ከእኔ የበለጠ ያምርባቸዋል። ሰውም ስለ ማሚቴ ያወራል። አንዷ ባለፈው ሳምንት ደረጃ ላይ ሰላም ብለውኛል አለች። ሌላው በሰላምታ ሳይቀድሙኝ አያልፉም ነበር አለ። ክፉ የተናገረባት የለም። እኔ ብሞት እንዲህ ይባልልኝ ይሆን?

ከሰዓት መቶ አለቃ ጎን ወሰዱኝ። ለቃለ ጉባኤው ዝምድናው ግልጽ አልሆነላቸውም። መስከረም ላይ የሞላነውን የቤተሰብ ቅጽ አወጡ። መነጽሬ ገና ትኩስ ተሰብሮ ስለነበር ያኤል ናት የሞላችው። «ቤት ያለውንም፣ ውጭ አገር ያለውንም ሁሉንም ጻፊ» ብያት እኔ ሳላነብ ፈረምኩ። ዛሬ አነበብኩት።

«1ኛ. ሙሉሰው። አባት። ዕድሜ 42።
2ኛ. ያኤል። ልጅ። ዕድሜ 9።
3ኛ. ማሚቴ። የምታሳድገኝ። ዕድሜዋን አልነገረችኝም።»

መጀመሪያ ልስቅ ነበር። ከዚያ ደግሜ ቆጠርኩ። ሦስት ስም። ከሥሩ ሁለት ባዶ መስመር አለ። ቦታ አልጠበባትም።

እናቷን አልጻፈችም። ውጭ አገር ያለውም ይጻፋል ብያት።

ያኤል የምትረሳ ልጅ አይደለችም።

ዓርብ፣ ጥቅምት 14

ሰልስት። በቅደም ተከተል ልጻፈው፣ አለዚያ ነገ ሕልም ነበር ልል እችላለሁ።

አራት ሰዓት ገደማ። ድንኳኑ ሞልቷል። ንፍሮ እየታደለ ነው። ሮበሌ የፓስታ ካርቶን በእጁ ይዞ ገባ። አድራሻዬን ከሊሊ ነው የወሰደው። ሰውን ሁሉ አየ፣ ባርኔጣውን አወለቀ፣ አጠገቤ መጥቶ በሹክሹክታ፣

«ወንድሜ፣ በዚህ ሰዓት መምጣቴ ነውር ነው። ግን ድመትህን ተቀበለኝ። አይጦቹን አትነካም። ጭራሽ ምሳዬን እየወሰደች ታካፍላቸዋለች።»

ካርቶኑ ተከፈተ። ማሚቴ ወጣች። ተንጠራራች። በድንኳኑ መሐል ሳትቸኩል ሄዳ ጋሽ እስጢፋኖስ ጭን ላይ ወጥታ ተጠቀለለች። ዘመድ ታውቃለች።

«ማሚቴ» አለች ያኤል። ከትምህርት ቤት ስትመለስ በምትጠራት ድምፅ ነው። ሌላ ነገር አልጨመረችም። እኔን ግን አየችኝ፣ ረጅም ጊዜ። እንዲህ ታይቼ አላውቅም።

እትዬ አማከለች ድመቷን አዩ። እኔን አዩ። «እሳቸው ናቸው?» አሉ።

ተነሣሁ። ድመት ናት አልኩ። አልሞተችም። ለቡ ወስጄ የጣልኳት እኔ ነኝ። ሞተች ብዬ ልጄን ዋሸሁ። ደብረ ሲናም የማውቀው ሰው የለኝም። ይቅርታ፣ ጋሽ እስጢፋኖስ።

ጋሽ እስጢፋኖስ ድመቷን ማሻሸት አልተዉም። «የምታውቀው ባይኖርህም እኛ እንኖራለን» አሉ፣ ቅር ብሏቸው።

አንዱ ሊስቅ ጀምሮ ተወው። መቶ አለቃ ደንቡን ከኪሳቸው አወጡ። «አንቀጽ አሥራ አራት። የተተከለ ድንኳን ሰልስቱ ሳይጠናቀቅ አይነቀልም።» ገጹን ገለጡ። «አንቀጽ አሥራ አምስት። ሟች በሌለበት ድንኳን አይተከልም።» ወደ ኋላ ገለጡ፣ ወደ ፊት ገለጡ። «ሁለቱንም የጻፍኩት እኔ ነኝ» አሉ ቀስ ብለው። መቶ አለቃ መላ ሲያጡ ያየሁት ዛሬ ነው።

በዚህ መሐል ያኤል ጠፍታ ነበር። አራተኛ ፎቅ ወጥታ ወረደች። በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ነገር ታቅፋለች። ፈትታ መቶ አለቃ ፊት ጠረጴዛው ላይ አቆመችው።

የማርታ ፎቶ።

«የእሷ ይሁን» አለች። «ማርታ ትባላለች፣ እናቴ ናት። ድሮ ሰፈራችን እያለን ነው የሞተችው።»

ከዚያ የመቶ አለቃን እጅ ይዛ ጎንበስ አደረገቻቸው። ድምፅዋን ዝቅ አደረገች፣ እኔ እንዳልሰማ። የቆምኩት ሁለት ክንድ ርቄ ነው።

«አባዬ ግን እስካሁን አልተረዳም። ውጭ አገር ያለች ይመስለዋል። የሚነግረው ሰው አጥቶ ነው። እኔና ማሚቴ ብንነግረው እንዳይደነግጥ ፈራን። እናንተ ትልልቅ ሰዎች ናችሁ። ቁጭ አድርጋችሁ፣ ቀስ ብላችሁ ንገሩት።»

ዘጠኝ ወር። እኔ ለእሷ ስፈራ፣ እሷ ለእኔ... የሞተችውን አለች አልኩ፣ ያለችውን ሞተች አልኩ፣ ልጄ ደግሞ ይህን ሁሉ ሰምታ «ምስኪን፣ አልሰማም» ብላ አዘነችልኝ።

ሰው ሁሉ ወደ ፎቶው ተጠጋ። ወዲያው እትዬ አማከለች ሙሾ ጀመሩ። የማያውቋትን ማርታን በስሟ ጠርተው አለቀሱላት። ያኤል መሐላቸው ገብታ አለቀሰች። እስኪበቃት፣ ድምፅ አውጥታ። ማሚቴ ከጋሽ እስጢፋኖስ ጭን ሳትወርድ አየቻት።

እኔ ድንኳኑ ጥግ ቆሜ ቀረሁ። ገና አልተነገረኝማ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15

ጎሕ ሲቀድ በር ተንኳኳ። መቶ አለቃ ቦጋለ፣ እትዬ አማከለች፣ ጋሽ እስጢፋኖስ። ሦስቱም ጋቢ ለብሰዋል። ጋሽ እስጢፋኖስ በዘመድነት ነው የመጡት፣ ማንም ሊከለክላቸው አልደፈረም።

«ምነው በደህና?» አልኩ። ሰው በዚህ ሰዓት ሲመጣ የሚባለው ይህ ስለሆነ ነው ያልኩት።

«ቁጭ በል፣ ልጄ።»

ያኤል ከመኝታ ቤቱ በር ጀርባ ናት። የድመቷ ጭራ በበሩ ሥር ይታየኛል። በሆዴ ይህ ጨዋታ ነው፣ ለልጅቷ ብዬ እሺ ልበል አልኩ። ቁጭ አልኩ። እትዬ አማከለች ከጎኔ ተቀምጠው እጄን ያዙ። መቶ አለቃ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ሙሉሰው። ሰው ነህና ትችለዋለህ። ባለቤትህ ማርታ ታማ ነበር። ሐኪሞቹም የሚችሉትን አደረጉ። እግዚአብሔር ግን ወሰዳት። አይዞህ፣ እኛ አለን።»

የቀበርኳት እኔ ነኝ። አፈሩን በእጄ በትኛለሁ። ግን ቁጭ አድርጎ የነገረኝ ሰው አልነበረም። ሐኪሙ ኮሪደር ላይ ቆሞ ነው የነገረኝ፣ ስልኩ በእጁ እየጠራ። ከዚያ ሣጥን፣ ከዚያ ድንኳን፣ ከዚያ ልጅቷን የት እናድርጋት፣ ከዚያ ቤት መልቀቅ፣ ቁምሳጥን መሸከም...

አለቀስኩ። ጨዋታ አልነበረም። መነጽሬ ወደቀ፣ ጋሽ እስጢፋኖስ አነሡት፤ ፕላስተሩ ተላቆ ነበርና እንደያዙት ቀሩ።

ያኤል ወጣች። ማሚቴን ጉልበቴ ላይ አስቀመጠች። ከሰኞ ወዲህ በቀጥታ ያናገረችኝ አሁን ነው።

«አይዞህ፣ አባዬ። ቶሎ ያልነገርንህ እንዳትደነግጥ ብለን ነው።»

ረቡዕ፣ ጥቅምት 26

መነጽሬን አሠራሁ።

እሑድ፣ ጥቅምት 30

የእድሩ ጠቅላላ ጉባኤ። ሦስተኛ አጀንዳ፣ ማሚቴ። ከዝርዝሩ ትሰረዝ የሚሉ ነበሩ። መቶ አለቃ «አንድ ጊዜ ተለቅሶላታል፣ ሁለተኛ አይለቀስላትም፤ እንግዲያው እድሩ የሚጎዳው ነገር የለም» አሉ። ጋሽ እስጢፋኖስ በዝምድና ምክንያት ድምፅ አልሰጡም። ጸደቀ። እኔ ላይ ደግሞ ቅጣት ተጣለ፦ በሐሰት ሞት ሳይሆን ረቡዕ ድንኳን ሲተከል በመቅረቴ።

ማሚቴ ማቀዝቀዣው ላይ ናት። ዛሬም በኦዲተር ዓይን ታየኛለች። ይቅርታ ጠየቅኳት፣ ራሴ፣ በራሴ ስም። ምን እንዳለች ያኤልን ጠየቅኳት። «እየታየ ነው ብላለች።»

እሑድ፣ ኅዳር 7

ጠዋት ሻይ ብርጭቆዬ ሥር ወረቀት። ቁጥር ያ/002። የእናቷን መቃብር ለማየት ፈቃድ እንዲሰጣት፣ ማሚቴም እንድትካተት። «ተፈቅዷል» ብዬ ፈረምኩ።

በሚኒባስ ወደ ነፋስ ስልክ፣ ወደ ድሮው ሰፈር። የቤተ ክርስቲያኑ ጥበቃ ድመት አይገባም አለ። ያኤል እሺ ብላ ዞር አለችና በነጠላዋ ሥር አስገባቻት። ጥበቃው ነጠላው ሲንቀሳቀስ አይቶ ወደ ሌላ በኩል ዞረ።

መቃብሩ ላይ ሣር በቅሏል። ነቀልን። ስለ ማርታ ጠየቀችኝ፣ የመጨረሻ ቀን ምን አለች፣ ምን ለብሳ ነበር፣ ማን መጣ። ሁሉንም ነገርኳት። አንዱንም አልቀየርኩም። ቁጭ ብለን ነው።

ልንሄድ ስንነሣ አንተ ቅደም አለችኝ። ጥቂት ራቅ ብዬ ቆምኩ። ድመቷን አቅፋ ወደ ድንጋዩ ጎንበስ አለች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋለች፣ ግን ይሰማኛል።

«እማዬ፣ ለአባዬ ተነግሮታል። ብዙም አልደነገጠም።»

ውሸቷን ነው። አላረምኳትም።